ዘጠኙ አዝራሮች

የቤቱ ባለቤት እትዬ ሞተው የተገኙት ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ፣ በግንባራቸው ተደፍተው፣ አንድ ሙሉ ቦንዳ ሰልባጅ ጀርባቸው ላይ ተጭኗቸው ነው። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ዕድሜ ልካቸውን ሰው የጣለውን ልብስ ሲያነሱ ኖሩ፣ ዛሬ ልብሱ ወደቀባቸው» አለ። መቀለዱ አልነበረም፤ የሚለው ቢያጣ ነው። ከኋላው የመጣው መርማሪ ግን ቦንዳውን አንዴ ዞረውና «እንዴት?» አለ።

ይህን ሰው በመሥሪያ ቤቱ «አቶ እንዴት» ይሉታል። አጭር ነው፣ ሆዱ ቀደም ቀደም ይላል፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ይውላል።

«ቦንዳ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ መደርደሪያ ላይ የሚሰቅል ሞኝ የለም። ታዲያ ከየት ወደቀ?»

ሐኪሙም ሲመረምር አሮጊቷን የገደላቸው ማጅራታቸው ላይ ያረፈ ከባድና ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ አገኘው። ቦንዳው የተገለበጠባቸው ኋላ ነው። ካውያው በቦታው፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ገመዱ ግን ውኃ ያንጠባጥባል። መርማሪው ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ «ካውያ የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

ሰፊዋ ይህን ሁሉ የሰማችው ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ነው። ፖሊሱ አትነሺ ብሏታል፤ ባይላትም አትነሣም ነበር። የእትዬ ልጅ አግብቷት ወደዚህ ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስቱንም ዓመት ያሳለፈችው እዚህች ወንበር ላይ ነው። ያረጀ ካፖርት ይመጣል፣ ጉርድ ሆኖ ይወጣል። መጋረጃው ሸሚዝ፣ ክራቫቱ ቦርሳ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ተራው የጂንስ ሱሪ ነበር፤ ሠላሳ ሱሪ ሠላሳ ቀሚስ እንዲሆን ታዟል፣ መኪናዋም ከሰኞ ጀምሮ ከሰማያዊ ክር ሌላ አልጎረሰም።

ልብሶቹ ላይ የሚለጠፈው ግን የባሏ ስም ነው። ሰፈሩ «ዲዛይነሩ» ይለዋል። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ምድርን ከቆሻሻ ስለማዳን ሲናገር የሰማው ሁሉ አጨብጭቦለታል። መርፌ ሲነካው የሚታወቀው ግን ክሊኒክ ሄዶ ሲወጉት ብቻ ነው። ንድፉም እጁም የእሷ መሆኑን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የቤቱ ሰዎች ደግሞ አይናገሩም።

ግቢው ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከእትዬ አንገት አይወርድም። ዛሬም አንገታቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ የገባም የወጣም አይደለም። ግቢው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ ሰፊዋ፣ ባሏ፣ ልብስ የሚተረትሩት የእትዬ እህት፣ እና ጠዋት ቦንዳ ይዞ መጥቶ በረንዳ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰልባጅ ነጋዴ።

መርማሪው ከነጋዴው ጀመረ።

«ዛሬ እዚህ ቤት የተጣላ ነበር?»

ነጋዴው በመስኮቱ ሰፊዋን አየና አንገቱን ደፋ። «ጠዋት እሷና እትዬ ተነጋግረው ነበር። እህቴ ወልዳለች፣ ሄጄ ልያት አለች። እትዬ እስከ ሐሙስ ከዚህ በር ማንም አይወጣም አሉ። ከዚያ እሷ…»

«እሷ ምን?»

«ከሁለት አንዳችን በሬሳ ካልወጣን ይህ ቤት አይለቀኝም አለች። ንዴት ነው ጌታዬ። የተናደደ ሰው ምን የማይለው አለ?»

ከዚያ ወደ መርማሪው ጠጋ ብሎ ሌላ ነገር አንሾካሾከ። ሰፊዋ አልሰማችም፤ የመርማሪው እጅ መነጽሩን መጥረጉን ሲያቆም ብቻ አየች።

ባሏ ተራው ሲደርስ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። ሙቀቱ ጣሪያውን ያንጫጫል፣ ከግንባሩ ላብ ይወርዳል።

«ሚስቴ ናት፣ ምን ልበል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እናቴም እናቴ ናት። ሚስቴ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጨርቅ ክፍሉ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ። ዋሽ ቢሉኝ አልችልም።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«መኝታ ቤት፣ ስልክ ላይ።»

የሰፊዋ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ባሏ ደግ ነው ብላ አታውቅም፤ ሰነፍ ነው፣ ጉረኛ ነው ትላለች። አሳልፎ ይሰጠኛል ብላ ግን አላሰበችም። ዓይኑን ስትፈልግ ኮርኒሱን ያይ ነበር።

«ወደዚያ ክፍል ሄደሽ ነበር?» አላት መርማሪው ወንበር ስቦ።

«ሄጃለሁ። ገበር ጨርቅ ፈልጌ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም፣ ተመለስኩ።»

«ከፍተሽ አላየሽም?»

«ሳይፈቀድ አይከፈትም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እትዬ ናቸዋ።»

«ትጠያቸው ነበር?»

«አዎ» አለች። መዋሸት ሰልችቷታል። «እንዲሞቱም ተመኝቻለሁ። ዛሬ ጠዋትም ተመኝቻለሁ። እጄን ግን አላነሣሁም።»

መርማሪው ተነሣ። በቃ፣ አበቃልኝ አለች በልቧ። ከአንዱ የተቆለፈ በር ወደ ሌላው መዛወር ነው፤ እዚያ ደግሞ የስፌት መኪና እንኳ የለም።

የእትዬ እህት፣ የባሏ አክስት፣ ዛፍ ሥር የፈቱትን ጨርቅ ታቅፈው እያለቀሱ ነበር። እህታቸውን ያገኟቸውም እሳቸው ናቸው፤ የሚተረተር ልብስ አልቆባቸው ሊጠይቁ ሲገቡ።

«እማማ፣ ልብስ እንዴት ነው የሚፈታው? እስቲ ያስተምሩኝ።»

«አሁን ይኼ ምን ይጠቅምሃል ልጄ?»

«ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።»

አክስትየዋ እንባቸውን ጠረጉ። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ሐዘናቸው ትንሽ ፋታ ሰጣቸው። «መጀመሪያ አዝራሩ ነው የሚነቀል። የአንዱ ልብስ አዝራር አንድ ላይ በክር ይሰካና ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል። እህቴ አንድ አዝራር መሬት ወድቆ ካየች ቤቱን ነው የምትገለብጠው። ልጇን ሳይቀር በአርጩሜ ነው ያስለመደችው። ሌላውን ሥራ እምቢ ብሎ ቀረ እንጂ እሱን ተኝቶም ይሠራዋል። እኔማ ዓይኔ ደክሟል፣ ክር መርፌ አይገባልኝም፤ በእስፒል ነው የምሰካው።»

«ዛሬ የፈቱት ምንድን ነው?»

«ሦስት ጉርድ ቀሚስ። ዚፕ እንጂ አዝራር የላቸውም።»

«ቆርቆሮው ውስጥስ ምን አለ?»

«ባዶ ነው። ያለውን ሁሉ ትናንት ለጂንሱ ቀሚሶች ጨረስነው።»

መርማሪው ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሶ ከመደርደሪያው ቆርቆሮውን አውርዶ ነቀነቀው። ባዶ ቆርቆሮ አይንኳኳም። ይህኛው ተንኳኳ።

መዳፉ ላይ ያወጣው አንድ ዘለላ ነበር፤ በክር የተሰካ ዘጠኝ ነጭ አዝራር፣ ሰባቱ ተለቅ ያሉ፣ ሁለቱ ትንንሽ። ሰፊዋ ከወንበሯ ሆና አየችው። ከሰባቱ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ክር ቀለም አወቀችው። ቀና ስትል ባሏ ቆሞ ያያታል። አሁን ኮርኒሱን አያይም፣ እሷን ነው የሚያየው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪው አዝራሮቹን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው።

«ገዳዩ አሮጊቷን በካውያ መታ፣ ካውያውን አጠበ፣ ቦንዳውን ገለበጠ። ልብሱ ላይ ግን ደም ነበር። ምን ያድርገው? በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሟቿ አንገት ላይ ነው፤ ሲደፉ ከሥራቸው ስለገባ ቦንዳውን እንደገና ሳያነሣ አይደርስበትም። ቢያቃጥል እማማ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ጭሱን ያያሉ። ግን እዚህ ቤት ልብስ መደበቅ ቀላል ነው። በመቀስ ቆራርጦ ከቁርጥራጩ ከረጢት መጨመር ነው። አምስት ከረጢት ሙሉ ቁርጥራጭ ማን ይፈትሻል?»

«ታዲያ አንተ እንዴት ደረስክበት?» አለ ነጋዴው ሳያስበው።

«እንዴት ማለት የእኔ ሥራ ነው» አለ መርማሪው። «አንተ ብትሆን ልብሱን ከነአዝራሩ ትቆራርጠው ነበር። እኔም ብሆን እንዲሁ። አዝራሩን መጀመሪያ ነቅሎ፣ በክር ሰክቶ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የሚያኖር የዚህ ቤት ሰው ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ስለ ደሙ ሲያስብ እጁ የለመደውን ሠራ። ከዚህ ቤት ሰዎች ደግሞ እማማ በእስፒል እንጂ በክር አይሰኩም።»

አክስትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀሩ ሁለት። እህቴ፣» አለና ወደ ሰፊዋ ዞረ፣ «ይህ አዝራር ቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ ክር ቀርቶበታል። ሌሎቹ ስምንቱ ነጭ ክር ነው ያለባቸው። ይህን የሰፋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ክር መቀየር ሰንፌ፣ መኪናው ላይ ከነበረው ቆርጬ በእጄ ሰፋሁት።»

ባሏ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይኸው። በአፏ ተናገረች።»

«አልጨረሰችም» አለ መርማሪው። «ሰባት ለደረት፣ ሁለት ለእጅጌ፤ ሸሚዝ ነው። ከሰልባጅ የመጣም አይደለም፣ ማክሰኞ አዝራሩ ወልቆ የተሰፋለት፣ የሚለበስ ሸሚዝ ነው። የማን ነው?»

ባሏ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «ተይ» አላት። ድምፁ ውስጥ ስድስቱ ዓመት በሙሉ ነበሩ። ተይ፣ ሲላት ተወችው። ተይ፣ ስሜ ይበቃል፤ ተይ፣ ማን ያይሻል፤ ተይ፣ የት ትሄጃለሽ። ፈራች። ብትናገር ባሏን በገዛ አፏ ታሳስራለች፣ ዘመዱ ሁሉ ባል አሳሪ ይላታል። ዝም ብትል ደግሞ እሷ ናት የምትሄደው።

«የባሌ ነው» አለች። «ክሬም ቀለም፣ ኮሌታው ድርብ። ራሴ ነኝ የሰፋሁለት። ዛሬ ጠዋት ለብሶት ነበር።»

መርማሪው ለፖሊሱ ምልክት ሰጠው። ፖሊሱ ከሦስተኛው ከረጢት የወጣ ድርብ ኮሌታ ይዞ ገባ፤ ክሬሙ ላይ ደሙ ጠቁሯል። «አዝራሩን ካየን በኋላ ምን እንደምንፈልግ አወቅን» አለ መርማሪው። «ከሹራብዎ ሥር ሸሚዝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያውልቁ ብዬ አላስቸግርዎትም። ለምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩን፤ ወይስ እኔ ልናገር?»

ባሏ የሹራቡን አንገት ጨብጦ ያዘ። መርማሪው ወደ ነጋዴው ዞረ። «የነገርከኝን ንገራት። ለእሷ ይገባታል።»

ነጋዴው ኮፍያውን እጁ ላይ አሽከረከረ። «እትዬ ገበያው አጠገብ ክፍል ፈልግልኝ ብለውኝ ነበር። አግኝቻለሁ፣ በአንቺ ስም ነው። ሐሙስ ቀሚሶቹ ሲያልቁ ይህን መኪና ይዘሽ እንድትወጪ ነበር ሐሳባቸው። እስከዚያ ልጄ እንዳይሰማ፣ ለእሷም እንዳትነግር፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል ብለውኛል።»

«ታዲያ ለልጃቸው ለምን ነገሩት?» አለች ሰፊዋ።

የመለሰላት ባሏ ነው። «ለኤግዚቢሽን አዲስ ንድፍ አሠሪልኝ አልኳት። ከእንግዲህ ራስህ ንደፍ አለችኝ፤ ልጅቷን ልለቃት ነው፣ ስድስት ዓመት በደልናት አለችኝ። እኔ ምን ልሆን ነው? ሰው ሁሉ ፊት…» ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ሲወስዱት ማንም አላለቀሰም፤ ከአክስትየዋ በስተቀር። እሳቸውም ለማን እንደሚያለቅሱ አያውቁም።

ሰፊዋ እዚያው ተቀመጠች። እትዬ ደግ አልነበሩም። ጠዋት አምስት ደቂቃ ብታረፍድ ምላሳቸው እንደ መቀስ ነበር፣ ቆልፈውባታል፣ የልጃቸውን ውሸት ስድስት ዓመት ደግፈዋል። ይህ እውነት ነው። ሐሙስ ሊለቋት እንደነበረም እውነት ነው። የትኛውን ይዛ የትኛውን እንደምትጥል ግራ ገባት፤ ጠዋት ያለቻት ቃል ደግሞ ጆሮዋ ላይ ቀርታ አልሄድ አለች። ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

በነጋታው ግቢው ክፍት ነበር። ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ፣ መንገዱ አደናግሯት ሁለት ጊዜ ሰው ጠይቃ፣ ጨርቅ መሸጫ ገባች። እትዬ በሕይወታቸው አዲስ ጨርቅ አካላቸው ላይ አሳርፈው አያውቁም፤ ሰው የለበሰውን ለብሰው ኖሩ።

«ገና ያልተቆረጠ ጣቃ አሳየኝ» አለችው ሻጩን።

«ምን ልታሰፊበት ነው?»

«የመቀበሪያ ልብስ። የምሰፋው እኔ ነኝ።»

ሻጩ ፊቱን አከበደ። «እግዜር ያጽናሽ። ምንሽ ናቸው?»

በስድስት ዓመት ውስጥ ከእትዬ በቀር ሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። ጣቶቿን በጨርቁ ላይ ዘረጋች።

«እናቴ ናቸው» አለች። «አራት ሜትር ቁረጥልኝ።»