ከሰባት ሰዓት በኋላ ዝም ያለው ወንበር

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸድሊ በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ብቻውን በሚኖርበት አፓርታማ ትንሿን ላፕቶፑን ከፈተ። ውስጧ ምንም የለም። የእሱም ሆነ የአሥራ አራቱ ደንበኛ ድርጅቶች ሥራ ያለው ከሸሪኩ ከዙቤር ጋር ባቋቋመው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው፤ ላፕቶፗ ያንን ከሩቅ የምታሳይ መስኮት ብቻ ናት። ሸድሊ ቢሮውን ከረገጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

አሥር ሰዓት ላይ የእህቱ ልጅ ሉትፊ እንደ ሐሙስ ልማዱ ዳማ ሊጫወት ሲመጣ፣ አጎቱን ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ አገኘው። ፖሊስ የያዘውም ሉትፊን ነው። ሰርቨሩ ሸድሊ እስከ ዘጠኝ ተኩል እንደሠራ መዝግቧል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ የገባው ዘበኛ ደግሞ ከሉትፊ በቀር ማንም ሲገባ አላየም።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተር ራውዳ ከሟቹ በታች ወደሚኖሩት አሮጊት ሄደች።

«ሃጃ መህረዚያ፣ ያውቁት ነበር?»

«ፊቱን ደረጃ ላይ ሁለቴ አይቻለሁ። ወንበሩን ግን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ጎማ አለው፤ ቀኑን ሙሉ አናቴ ላይ ይንከባለላል። መጀመሪያ እራገም ነበር። ኋላ ግን ሰው አለኝ እያልኩ ምሳዬን በሱ ድምፅ መብላት ጀመርኩ።»

«ሐሙስስ?»

«የሰባት ሰዓት ዜና ሲጀምር አንድ ነገር ዱብ አለ። ከዚያ ዝም።»

«እስከ ዘጠኝ ተኩል?»

«እስከ ዛሬ።»

ራውዳ አሮጊቷንና ሉትፊን ይዛ ወደ ኩባንያው ቢሮ ገባች። ዙቤር ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች ኋላ ተቀምጧል። ከበላዩ የኩባንያው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ጠረጴዛዎ የትም ይከተልዎታል፤ በስክሪንዎ ልክ ይሰፋል።»

«ሸድሊ የሞተው ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለች ራውዳ። «ያኔ ሉትፊ አርባ ተማሪ ፊት ቆሞ ሒሳብ ያስተምር ነበር።»

ዙቤር ሳቀ። «የአሮጊት ጆሮ ከሰርቨር በለጠ?»

«ጆሮዬ ገብተህ የምትሰርዘው አይደለም፣ አንተ!» አሉ ሃጃ።

«ሰርቨሩም አልዋሸም» አለች ራውዳ። «በሸድሊ ስም የሠራ ሰው ነበር። ከየት እንደገባ የሚያሳየው መዝገብ ተሰርዟል። የስክሪኑ ስፋት ግን ሌላ መዝገብ ላይ ቀርቷል፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የሸድሊ ጠረጴዛ፣ ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለው የሥራ ገጹ፣ በሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች ልክ ተዘርግቷል። የሸድሊ ግን አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ናት። በሌላ ሠራተኛ ስም መግባት የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘጉት፤ ከዚያ ምስክር እንዲኖርዎ እስከ ማታ ከደንበኞች ጋር ስብሰባ ተቀመጡ።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«የደንበኞችን ፋይል እየከፈትክ ለተፎካካሪዎቻቸው ስለምታሳይ ነዋ!» ሉትፊ ነው። «አጎቴ ነግሮኛል። ሐሙስ ሊያጋልጥህ ነበር።»

ዙቤር ሁለቱን ስክሪኖች ተራ በተራ አያቸው። «ጠረጴዛ ስከፍት ሁሌም የማደርገው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ ሳላስበው አሰፋው።»

ካቴናው ከሉትፊ እጅ ወደ ዙቤር እጅ ተዛወረ። ዙቤር ሐሙስ ዕለት የዘጋው መስኮቱን ብቻ ስለነበር፣ የሸድሊ ጠረጴዛ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ራውዳ ረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አዘጋችው። ሸድሊ ሐሙስ ጠዋት ከከፈተው ጀምሮ ሃምሳ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተከፍቶ ቆይቷል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም መልእክት አልደረሰውም።