የናርዳ ሰንጢ

የአርዶና መንግሥት ምንጮች ሁሉ በአንድ ማለዳ ደረቁ። ሙርዳን የተባለው ዘንዶ በቤተ መንግሥቱ ጉልላት ሥር ይጠበቅ የነበረውን የውሃ ዕንቁ ሰርቆ ወደ ኬልባ ተራራ ዋሻ ወስዶት ነበር። ንጉሥ ታልሞር ሠራዊት ላከ፤ የተመለሰ ግን አልነበረም። ሙርዳን የተሳለ ብረት ከሩቅ ይሸተዋልና ሰይፍና ጦር የያዘውን ሁሉ ገና ደጃፉ ሳይደርስ በእሳት ይፈጀው ነበር።

የአንጥረኛው ልጅ ናርዳ ይህን በሰማች ጊዜ ንጉሡ ፊት ቀርባ ከመቀነቷ አንዲት ሰንጢ አወጣች። ታጥፋ ከመዳፍ አትበልጥም። ስለቷ በቀንድ እጀታዋ ውስጥ ተሸሽጎ ስንጥቁ በሰም ተደፍኗል።

«ንጉሥ ሆይ፣ እንዲህ ከተሸፈነ ብረቱ አይሸተውም» አለች።

«ሰንጢ ሲወጉበት ይታጠፍና የባለቤቱን ጣት ይቆርጣል» አለ የዘበኞቹ አለቃ በርጋሽ።

ናርዳ ሰሙን ፍቃ ስለቱን ዘረጋችው። ከእጀታው ውስጥ ቀጭን የብረት ምላስ በተጠቀለለ የሽቦ ሞላ ተገፍታ ከስለቱ ሥር ገባችና ቀጭ አለች። በርጋሽ ሊያጥፈው ታገለ፤ አልቻለም። ናርዳ የብረቷን ምላስ በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርጋት ግን ስለቱ በቀስታ ተመለሰ።

በርጋሽ ሰይፉን ፈቶ ከዙፋኑ ሥር አኖረ። «በአርዶና ዘውድ እምላለሁ፤ ይህችን ልጅ ከዘንዶው ፊት ሳላደርስ ወደ ኋላ አልልም።»

ሰንጢዋን እንደገና በሰም ደፍነው ተነሡ። የጨው በረሃውን አቋረጡ፤ የመንገደኛን ስም እየጠራ የሚያሳስተውን ጫካ እጅ ለእጅ ተያይዘው አለፉ። በርጋሽ በመንገዱ ሁሉ ስለ ሚስቱ ስለ ሲልማ ያወራ ነበር፤ ስለ ማንኮራፋቱ እንዴት እንደምትቆጣው ሳይቀር።

ከጥንት ሲነገር እንደኖረው፣ ሙርዳን ሊወጋ የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመንጋጋው ሥር ባለው ስስ ቆዳ። ያም የሚገለጠው ለመዋጥ አንገቱን ሲያቀና ነው። ለዚህ ብለው ፍየል እየነዱ መጥተው ከዋሻው ፊት ለቀቋትና ከአለት ጀርባ ተደበቁ። ዘንዶው ግን ፍየሏን አሸተተና ተዋት።

«የለመደው የሰው ሥጋ ነው» አለ በርጋሽ ከአለቱ ጀርባ ሆኖ።

«አይሆንም፣ አለቃ። ሌላ ዘዴ እንፈልግ።»

«ሰንጢዋን የሚያውቃት የአንቺ እጅ ነው። እኔ የምችለው መሄድ ነው። ለሲልማ ራስሽ ንገሪያት፤ ከአዋጅ ነጋሪ እንዳትሰማ።»

ባዶ እጁን ወጣ። ናርዳ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ሙርዳን በርጋሽን አንሥቶ አንገቱን ወደ ላይ ሲያቀና፣ ናርዳ ሰሙን ፍቃ ሰንጢዋን ከፍታ ከሥሩ ገባች። ስለቱ ቆዳውን በስቶ ከአጥንት ጋር ተጋጨ። በሙሉ ክብደቷ ገፋችው። የብረት ምላሷ አልተንሸራተተችም፤ ስለቱም አልታጠፈም። አጥንቱ ተሰነጠቀ። ዘንዶው ዋሻውን እያናወጠ ወደቀ። በርጋሽን ከመንጋጋው ስታወጣው ትንፋሽ አልነበረውም።

ዕንቁው ወደ ቦታው በተመለሰ ጊዜ ከተማው በእልልታ ተናወጠ፤ ንጉሡም ናርዳን ለመሾም አስጠራት። እሷ ግን አስቀድማ ወደ ሲልማ ቤት ሄደች።

ሲልማ ከደጃፏ ቆማ ሁሉንም ሰማች። «ፈርቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ፈርተው ነበር» አለች ናርዳ። «እግራቸው ግን አልቆመም።»

ሲልማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከቤቱ ጀርባ የምንጩ ውሃ እንደገና መውረድ ጀምሮ ነበር። እንስራዋን አንሥታ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በኋላ፣ ልትቀዳ ወረደች።