በስምንት ሲቆጠር

«ሠላሳ አራት?» አሉ ጋሽ ሙኽታር፣ መላጊያቸውን ሳንቃው ላይ አቁመው። «ሽማግሌዎችህ ሃያ ስምንት ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

ዩሱፍ ፈጥኖ ለማረም ሞከረ። «ሃያ ስምንት ነኝ፣ ጋሼ። ማለቴ… በስምንት ሲቆጠር ነው ሠላሳ አራት።»

«የማን ስምንት?»

ለአባቷ ምሳ ይዛ የመጣችው ሂክማ ሰሃኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከፊት ለፊታቸው ጣና ያለ ሐሳቡ ይንቀሳቀሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። አስተማሪው አንድ ቀን በስምንት መቁጠርን አሳያቸው። በዚያ አቆጣጠር ስምንትና ዘጠኝ የሚባሉ ምልክቶች የሉም፤ ከሰባት ቀጥሎ 10 ይጻፋል። 34 ማለት ሦስት ጊዜ ስምንትና አራት ነው። ሌላው ተማሪ ሲያዛጋ፣ እነዚህ ሁለት ጉዶች ዕድሜያቸውን ቀየሩበት። የእሱ ሃያ ስምንት 34 ሆነ፤ የእሷ ሃያ አንድ 25።

«እስቲ ደምሪው» አላት።

ሦስትና አራት፣ ሰባት። ሁለትና አምስት፣ ሰባት።

«በስምንት ተጽፎ የአሃዞቹ ድምር እንዲህ ሰባት የሚሆን ቁጥር ለሰባት እኩል ይካፈላል፤ ምንም አይተርፈውም። እኔና አንቺ ደግሞ የምንበላለጠው በሰባት ዓመት ነው። ከርሞ ቢተርፈንም የሚተርፈን እኩል ነው። እስክናረጅ ድረስ።»

ሌላው ጎረምሳ አበባ ይሰጣል፤ ይኼ ቀሪ ቁጥር ሰጠ። እሷም አበባ አድርጋ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ ለብቻቸው ሲሆኑ በስምንት ነበር የሚያወሩት። ዛሬም አባቷ ዕድሜውን ሲጠይቁት ዓይኑ ሂክማ ላይ አረፈና፣ አፉ የለመደውን አወጣ።

ጋሽ ሙኽታር ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ይገባሻል? ምንድን ነው የሚለው?»

ይገባኛል ብትል፣ ሽማግሌ ሳይላክ ከልጁ ጋር ስታወጋ መክረሟ ይወጣል። ዩሱፍ አያት። አልለመናትም፤ ዝም ብሎ አያት። ሂክማ ሰሃኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«እኔ እንጃ፣ አባዬ።»

«ሰማህ አይደል? ለሽማግሌ አንድ፣ ለእኔ ሌላ ለሚናገር ሰው ልጅ የለኝም።»

ዩሱፍ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እሷም እንቅልፍ አጣች። ሁሉንም ልትናገር ልቧን አጽንታ አባቷ ፊት ስትቀርብ፣ እሳቸው ከሐይቁ ማዶ ላለ የደልጊ ነጋዴ ሊድሯት ቃላቸውን ሰጥተው ተመልሰው ነበር። ያዘጋጀችውን ንግግር እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በዓመቱ፣ ወላጆቿን ጠይቃ ወደ ደልጊ ስትመለስ፣ የባሕር ዳር ወደብ ላይ ዩሱፍን ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«ደኅና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ጀልባው ሞተሩን አስነሣ።

«እኔ ዘንድሮ 35 ሆንሁ» አለ ዩሱፍ። «አንቺ 26። ለሰባት አካፈልሁት፤ የሁለታችንም ቀሪ አንድ ነው። አየሽ፣ ዛሬም አልተለያየንም።»

ሂክማ ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። አንድ እግሯን ጀልባው ላይ ካሳረፈች በኋላ ነው ዞር ያለችው።

«ደልጊ የሚቆጠረው በአሥር ነው።»