የጋሽ ገብረወልድ ምርቃት

«አላውቅም» ማለት ለምን እንዲህ ከበደኝ? መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። በሌላ ቤት እንዳይደገም ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ሩቅ አገር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ወደ ቀራንዮ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሰፈሩ የተበላሸ ስልክ፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ በፈረንጅኛ የተጻፈ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ውጭ የተማረ ሁሉን ያውቃል ይባላል። መመለሴ ለማን እንደሚጠቅም በተጠራጠርኩ ቁጥር የበሩ መንኳኳት ያጽናናኝ ስለነበር እኔም አላስተባበልኩም።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ዋጋነሽ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው ሰጡኝ።

«ቃልዬ፣ ቤቴል ሁለት ቤት አስሞከርኩት። አልከፍት አለ።»

ፍላሹ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤታቸው ጋሽ ገብረወልድ ዓምና በጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን አጥተዋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ለእረፍት ከውጭ መጥቶ የነበረው የእህታቸው ልጅ ክርስቲያን፣ ለልጃቸው ለናዝራዊት ሰርግ የሚሆን ምርቃት ቀርጾላቸው ነበር። ሰርጉ እሑድ ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባት ይመርቃል፤ ጋሽ ገብረወልድ ደግሞ ከዚያ ፍላሽ ሌላ ድምፅ የላቸውም።

ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት። ፍላሹን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል።»

«እንዳይጠፋ ብቻ። ያቺን ጦር ኃይሎች ኮምፒውተር የምትጠግነውን አልፊያን ብጠይቃትስ?»

«ለዚህ ለዚህማ ጦር ኃይሎች ድረስ ምን ያስኬዳል፣ እትዬ።»

«እሱስ። አንተ እያለህልን።»

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መጣ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ይላል። አነበብኩት። እትዬ ዋጋነሽ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚጠፋው ብልሽቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ተጫንኩት።

ፍላሹ ተከፈተ። ባዶ ነበር።

«ሠራ?»

«ሠርቷል። ግን ሲመጣም ምንም አልነበረበትም። ክርስቲያን ሳይገለብጠው ቀርቶ ይሆናል።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «በል እንግዲህ፣ ባዶውን ከሚመለስ የሰርግ ዘፈን ሙላልኝ» አሉ። እውነቱን እንዳልናገር ሞላሁት፤ እስከ አፍ ገደፉ።

አርብ ጠዋት ሰበብ ፈጥሬ ፍላሹን ወሰድኩና አልፊያ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳት።

«የተቀረጸው በማክ ነበር?»

«የክርስቲያን ኮምፒውተር ማክ ነው፣ አዎ።»

«ታዲያ ፍላሹ ምን ሆነ? ደህና ነበር። ያንተ ኮምፒውተር የእሱን ዓይነት ማንበብ አይችልም፣ አለቀ። ብታመጣልኝ በማክ ከፍቼ ሌላ ፍላሽ ላይ እገለብጥልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ካጠፋኸው በኋላም ሳትነካው ብትመጣ ልናገኘው እንችል ነበር። አንተ ዘፈን ጫንክበት።» ፍላሹን እየሰካች ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው እንኳ መሞቱ ሳይረጋገጥ አይቀበርም፣ ዶክተር።»

እስከ ምሳ ሰዓት ሞከረች። የወጣው የዘፈን ቁራጭ ብቻ ነው።

ስመለስ ጋሽ ገብረወልድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ድንኳን ሲተከል ያያሉ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡም፤ መቆጣትም ድምፅ ይፈልጋል። ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ፦ «ዋጋነሽን ‹አላውቅም› ብትላት ምን ይቀርብህ ነበር?»

ከሥሩ ጨመሩ፦ «ክርስቲያንን ጠይቀው።»

እዚያው እንደተንበረከኩ መልእክት ላኩለት።

እሑድ ናዝራዊት ከቤት ስትወጣ አባቷ ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ አሜን የሚልበት ቦታ ጠፋው። አንዱ ቀደም ብሎ አለ፣ ሌላው ዘግይቶ፤ ሙሽራዋ ግን አንገቷን ደፍታ እጃቸው እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ እኔ የሞላሁት ፍላሽ ዘፈኑን ለቀቀው።

ወገኖቼ፣ ፍላሽ አልከፍት ሲል ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የተጻፈበት ዓይነት ኮምፒውተር ፈልጉ፤ የማይተካ ነገር ካለበትም ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ አንድ ቀን አትደሩ። የተማራችሁ ደግሞ፣ የማታውቁትን አናውቅም በሉ። ከጠፋም እውነቱን በዚያው ሰዓት ተናገሩ፤ እኔ ያንን ምርቃት የቀበርኩት ቁልፉን ስጫን ሳይሆን ስዋሽ ነውና።

ለክርስቲያን የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «የጋሽ ገብረወልድ ምርቃት ኮምፒውተርህ ላይ ቀርቶ እንደሆነ እባክህ ላክልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ከሰርጉ አራት ወር አለፈው። ጋሽ ገብረወልድ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በጣታቸው ወደ ስልኬ ያመለክታሉ። አውጥቼ አያለሁ፤ ከእኔ መልእክት በታች ምንም የለም።