ኤሊ ልመርጥ ኦጎልቾ ወርጄ

ዲሪባን የወደድኩት ገና ስለ ኤሊ ሳናወራ ነው፤ ምን አስዋሸኝ። በ1964 ዓ.ም. አሰላ ፖስታ ቤት ቴምብር እሸጥ ነበር፤ እሱ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ሌላው ሰው ይነጫነጫል፤ እሱ ግን ቦታውን ለአሮጊት ለቆ እንደገና ከኋላ ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድም?

ችግሩ አባቴ ነበር። ከሶዶ መጥቶ አሰላ ላይ ሱቅ የከፈተው አቶ ወልደሰንበት፣ ልጄን የሺሃረግን ከአገሬ ልጅ በቀር ለማንም አልድርም ብሎ ከተማውን ሁሉ አሰምቷል፤ ዲሪባ ግን የሶዶ ሰው አይደለም። እኔ ደግሞ አንድ ልጁ ነኝ፤ ያለ ምርቃቱ የትም አልሄድም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዲሪባም ዝም አለ። እኔ ቴምብር እየሸጥኩ እሱ እየገዛ ዓመት አለፈ።

እንስሳ ማሳደግ ከልጅነቴ እመኝ ነበር። ግን ጸጉር ያለው ፍጥረት ሲቀርበው አባቴን አስም ያፍነዋል። ይህን አንድ ቀን ለዲሪባ ባጫውተው፣ ኤሊ ምን ጸጉር አላት፣ ታች ቆላው ኦጎልቾ እናቴ ግቢ ሦስት አሉ አለኝ። አንዷን አምጣልኝ ስለው እምቢ አለ። ከአንቺ ዕድሜ በላይ የምትኖርን ፍጥረት ሌላ ሰው አይመርጥልሽም፣ መጥተሽ ራስሽ ያዣት አለኝ። ብቻዬን ከጎረምሳ ጋር መሄድማ አይታሰብም። አባቴ እያጉረመረመ አብሮን መጣ፤ የተሳፈርንበት ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥም መሃላችን ገብቶ ተቀመጠ።

ግቢው ደርሰን ኤሊዎቹን ሳይ ወዲያው ትንሿን አነሳሁ። እንቁላል የምታህል፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር፤ ስታምር! ዲሪባ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰዳት።

«ይቺ አትሆንሽም። የአሰላን ብርድ አትችለውም፤ ጀማሪ እጅ ላይ ትሞታለች።»

ትልቁን ደግሞ አጥር ይደረምሳል ብሎ አለፈው። መካከለኛዋን፣ የድስት ክዳን የምታህለውን፣ አስያዘኝ። ከመጠኗ በላይ ከከበደችሽ ጤነኛ ናት አለ፤ ከበደችኝ። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው። እግሯን ሳብ ባደርገው በጉልበት ነጠቀችኝ። ሣር ስንሰጣት እዚያው ፊታችን በላች። ዳቦና ወተት እንዳትሰጫት፣ ማታ ማታ ጭድ ያለበት ሣጥን ውስጥ አድርገሽ ቤት አስገቢያት እያለ ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ አየው ነበር። የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግን እጆቹንም እያየሁ ነበር። ያን ያህል ጠንካራ እጅ እንዴት እንደዚያ ይጠነቀቃል?

አባቴ ዳር ቆሞ፣ ገዢ የወደደውን ዕቃ አይሆንህም የሚል ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም ብሎ ለራሱ አወራ።

በዚህ መሃል የዲሪባ እናት ጊደር እየሳቡ ከጓሮ ብቅ አሉ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ለአባቴ ሰጡት፤ አባቴም ግራ ተጋብቶ ተቀበለ። በእነሱ ወግ ለልጁ ሚስት የሚጠይቅ ቤት ለልጅቷ አባት ከብት ያቀርባል። እናቱስ ምን ያድርጉ? አባት ሴት ልጁን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለኤሊ ነው ቢባል ማን ያምናል?

«ይሄ ምንድነው?» አለ አባቴ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ቁጣው እየመጣ ነበር። አለቀልኝ አልኩ።

ዲሪባ ግን አልዋሸም።

«ጋሼ፣ እናቴ ተሳስታለች። እርስዎ የመጡት ለኤሊ ነው፤ ይህ ነገር በሽማግሌ እንጂ እንዲህ ሊነገርዎት አይገባም ነበር። ግን የቸኮለችው በቀኑ ነው እንጂ ሐሳቡስ የራሴ ነው። ዓመት ሆኖኛል።»

አባቴ በእጁ ያለውን ገመድ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቱ ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅም።

«አንቺስ?»

እንደምንም ዓይኑን እያየሁ፣ «አባዬ፣ ለኤሊ ብቻማ ቢሆን እዚህ ድረስ አልመጣም ነበር» አልኩት። እንባዬም መጣ።

አሁን «የአገሬ ልጅ» የሚለውን ነገር ያነሳብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ገመዱን በእርጋታ ጠቅልሎ ለዲሪባ መለሰለት።

«ያለ ሽማግሌ ጊደር አልቀበልም» አለው። «ጊደሯ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትምጣ።»