የሸክላ ሠሪዎቹ ስምምነት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር አጋማሽ፣ ደርግ ከወደቀ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከዘቢዳር ተራራ ቁልቁል የሚወርደው የጧት ብርድ ቡታጅራን ገና አልለቀቃትም ነበር፤ በታች ሠፈር ግን ሰዉ ከወትሮው ቀድሞ ተነሥቷል። ከዋዜማው ጀምሮ የቀበሌው ዘበኛ በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ «ነዋሪ የሆነ ሁሉ እሑድ ጧት ዋርካው ሥር ይገኝ፤ በዚህ ዘመን ሁሉም እኩል ይናገራል!» ሲል ለፍፎ ነበርና፣ የሚናገረው ያለውም የሌለውም ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ይህን ልፈፋ ቃል በቃል ካመኑት አንዷ ሸክላ ሠሪዋ ብርቄ ነበረች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው ከሠፈሩ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ጉድጓድ በምታወጣው አፈር ነው። ወገኖቿ ሰባት ቤተሰብ ናቸው፤ ወንዶቹ እንጨት ይጠርባሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አገሩ የሚጠራቸው ስም ስድብ ሆኖ ስለ ቀረ እዚህ አይጻፍም። ያለ እነርሱ እጅ በሠፈሩ የቤት ምሰሶ አይቆምም ነበር፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ከደጁ አልፈው አይገቡም፤ ከሸንጎው ክብ ውስጥም አይቀመጡም። የሚሉት ነገር ሲኖራቸው፣ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ቃላቸውን ተቀብሎ በሸንጎ ያቀርብላቸዋል። ልማዱ ይህ ነው።

በዚያ እሑድ የሚመከረው ስለ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር፤ ቀበሌው ለአዳራሹ የመረጠው ቦታም ያ የሸክላ አፈር ጉድጓድ ነው። በድንጋይ ተሞልቶ መሠረት ሊጣልበት ተወስኗል፤ የቀረው የነዋሪው ይሁንታ ብቻ ነው።

ብርቄ ጎሕ ሲቀድ ከባላምባራስ ሰይዶ አጥር ሥር ቆማ ጠራች። ባላምባራስ በንጉሡ ዘመን የተሾሙ፣ በደርግ ዘመን መሬታቸውን የተነጠቁ፣ አሁን ማዕረጋቸው ብቻ የቀረላቸው የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸውም የብርቄን ወገኖች ቃል በሸንጎ ሲያቀርቡ የኖሩ ሰው ነበሩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባቴ ባላምባራስ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ምነው በጧት፣ ብርቄ?»

«ዛሬ ራሴ ልናገር ብዬ ነበር። ሁሉም ይናገራል ብለዋል እኮ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እውነት ለመናገር ለእርሷ ፈርተው ነው። «ተይ ልጄ፣» አሉ፤ «አንቺ ብትነሺ ሰዉ አንቺን አንቺን ሲያይ ቃልሽ ሳይሰማ ይቀራል። እኔ እያለሁ ለምን ትዋረጃለሽ? ቃሉን ለእኔ ስጪኝ።»

ብርቄም ቃሉን ሰጠቻቸው። «አዳራሹን አንጠላም በሉልኝ። አርባ እርምጃ ብቻ ወደ ላይ ከፍ ይበል። ላይኛው ሜዳ ባዶውን ነው፤ ጉድጓዱ ግን እንጀራችን ነው። እንዲህ ያለ አፈር ቡታጅራ ዙሪያ ሌላ የለም፤ ፈልገን አይተናል።»

«አርባ እርምጃ ወደ ላይ፣» አሉ ባላምባራስ፤ እንዳይረሱትም ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ሸንጎው በሦስት ሰዓት ተከፈተ። ሊቀመንበሩ አቶ ሳላሀዲን በቅርቡ የተመረጠ ሰው ነው፤ ለነገር ሁሉ ይቸኩላል፤ ወረዳው እስከ ወሩ መጨረሻ ቃለ ጉባኤ አምጣ ብሎታል። ብርቄና ወገኖቿ እንደ ልማዳቸው ከክቡ በታች፣ ከዋርካው ጥላ ውጭ ተቀመጡ።

ገና ከመጀመሪያው ማን ይናገር በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ።

«ተከራይ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ቆሼ ከተማ ነው፤» አለ ከድሮ የሚባለው ባለ ወፍጮ፤ «እድሩም አያውቀው። ይስማ እንጂ አይናገር!»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ፣» አለ መምህር ዮሴፍ ብድግ ብሎ፤ «ልጆቻችሁን ፊደል አስቆጥሬአለሁ። የሠፈሩ ሰው ለመባል ስንት ዓመት ነው የሚያስፈልገኝ?»

በዚህ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ጊዜ ከተረፈ ተከራይ ይናገር ተብሎ ታረቁ። ከጥላው ውጭ ስለተቀመጡት ግን አንድም ሰው አልተከራከረ፤ ይናገሩ ያለም፣ አይናገሩ ያለም የለም። ብርቄ ይህን ሁሉ አዳመጠች፤ ባለ ወፍጮው ከድሮ የመምህሩን ስም እየጠራ ሲሰድበው እንኳ በመምህሩ ቀናች።

ባላምባራስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲነሡ ሰዉ ጸጥ አለ። በአገሩ ወግ የሰው ቃል ይዞ የቆመ ሽማግሌ ዘሎ ከጉዳዩ አይገባም፤ አስቀድሞ ሸንጎውን ያከብራል፣ ቀጥሎ የላኩትን ሰዎች ጨዋነት ያወሳል፤ ልመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እናንተ የተከበራችሁ፣» ሲሉ ጀመሩ፤ «ከታች የተቀመጡት እነዚህ ልጆቻችን ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ከቃላችን ወጥተው አያውቁም። ቤታችንን ያቆሙ እጆች የእነርሱ ናቸው። ሂዱ ስንላቸው ሄደዋል፤ ኑ ስንላቸው መጥተዋል። ዛሬም ከሸንጎው ቃል አይወጡም…»

እዚህ ላይ ለትንፋሽ ቆም አሉ።

«እናመሰግናለን፣ ባላምባራስ!» አለ ሳላሀዲን፤ «እንግዲህ ሸክላ ሠሪዎቹም ተስማምተዋል!» ብሎም አጨበጨበ፤ ሰዉም ፀሐዩ ከብዶት ነበርና ተከትሎ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ከሽማግሎቹ መካከል የተቀመጡት የሠፈሩ ሼክ መዳፋቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

ዱዓ የተደረገበት ነገር በዚያ ሠፈር ያለቀ ነገር ነው። ባላምባራስ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ አርባው እርምጃ አንደበታቸው ላይ ነበር። በዱዓ መካከል ማን ይናገራል? እርሳቸው ሰባ አራት ዓመት ተከብረው የኖሩት በዱዓ መካከል ባለመናገር ነው። ምርኩዛቸውን አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ።

ያን ጊዜ ብርቄ ተነሣች። «ቃሌ አላለቀም!» ብላ ጮኸች፤ «አላለቀም፣ ባላምባራስ! ንገሯቸው እንጂ!»

«አሚን!» አለ ሰዉ በአንድነት።

«ዱዓ ላይ ነው፣ አንቺ! አላህን አትፈሪም?» አለች ከክቡ ዳር የተቀመጠች ሳሌሃ የምትባል ሴት፤ የብርቄም ጓደኛ የሺመቤት አፍራና ፈርታ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አስቀመጠቻት።

በማግሥቱ ብርቄ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊዋ ትዕግስት የምትባል ወጣት ናት፤ ብርቄን እትዬ ብላ የጠራች የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሠራተኛም እርሷ ናት። መዝገቡን ከፍታ አነበበችላት፦ «በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ የሠፈሩ ነዋሪዎች በወኪላቸው አማካይነት ሙሉ ስምምነታቸውን ገልጸዋል።»

«እንዲህ አላልንም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ብርቄ። ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ግን የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እኔ አልሰርዝም፤ ቅሬታ ልጻፍልዎትና ያስገቡ።»

ጻፈችላት። ሳላሀዲን ወረቀቱን ቆሞ አነበበና፣ «የነዋሪነት መታወቂያሽን አሳዪኝ፣» አላት። ብርቄ መታወቂያ አልነበራትም፤ ከወገኖቿም ማንም የለውም፤ የመዘገባቸው መንግሥት አልነበረም።

«ነዋሪ ያልሆነ ሰው ቅሬታ ማቅረብ አይችልም፣» አለ፤ በቁጣም አይደለም፣ ደንቡን ማስረዳቱ ነው።

«ስንስማማ ነዋሪ ነን፤ እንቢ ስንል አይደለንም ማለት ነው?»

ሳላሀዲን ወረቀቱን መለሰላት። ትዕግስት አንገቷን ደፋች፤ ደመወዝ ከምትበላበት ቤት ጋር ልትጣላ አልቻለችም። ብርቄም መታወቂያ ለማውጣት የሁለት እድርተኛ ምስክር ፈልጋ ስትዞር ሰነበተች፤ ቆሞ የሰማት ብዙ ነው፣ አብሯት የሄደ ግን አልተገኘም። ባላምባራስ አብረዋት ሊሄዱ ሁለት ጊዜ ቀጠሯት፤ ሁለቱንም ቀን ወገቤን አመመኝ አሉ። በሚያዝያ የድንጋይ መኪና መጣ።

ጉድጓዱ በሦስት ቀን ተሞላ። ባላምባራስ በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ ከዳር ሆና ከምታየው ከብርቄ አጠገብ ቆሙ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ብርቄ።»

«ምን ልበልዎ? እርስዎ ስለ ጨዋነታችን ተናገሩ፤ ጨዋ ናቸው አሉ፤» አለች ዓይኗን ከመኪናው ሳትነቅል። «ምነው ባለጌ በሆንን።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሰባቱ ቤተሰብ አፈር ፍለጋ ተበተኑ፤ ገሚሱ ወደ ማረቆ ቆላ፣ ገሚሱ ወደ ደጋው ወደ አረቅጥ፤ ብርቄ የት እንደ ደረሰች በእርግጥ የሚናገር የለም። አዳራሹ ተሠራ፤ በተመረቀ ቀን ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ከድሮና ዮሴፍም እዚያው ውስጥ ብዙ ዓመት ተከራከሩ፤ ውሎ አድሮ ተከራዮች ድምፅ አገኙ፣ ይህም በዘመኑ እንደ ትልቅ ድል ተጻፈ። ቃለ ጉባኤው ዛሬም ከመዝገብ ቤት አለ፤ የሚያገላብጠው ተመራማሪ ቢገኝ፣ በዚያ ሠፈር በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪዎች ሳይቀሩ ተጠይቀው በሙሉ ድምፅ ተስማምተው እንደ ነበር ያነባል፤ የማያምንበትም ምክንያት የለውም። ሠፈሩ ደግሞ በበኩሉ ያስታውሳል። ሽማግሎቹ ስለ ዋርካው ሸንጎ ሲያወሩ፣ በዱዓ ላይ የጮኸች አንዲት ሴት እንደ ነበረች እየሳቁ ይናገራሉ። ምን ብላ እንደ ጮኸች የጠየቃቸው ሰው እስካሁን የለም።