በፊልሙ ዘበኛው ነው

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ጉሙ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እስከ ወገቡ ውጦት፣ መንገዱም ቤቱም በማይታይበት ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ ከዳገቱ አናት ይጮሃሉ።

«እኔ ነኝ! በእጄ ነው ያስገባሁላቸው! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

ኢንስፔክተር ሙሚና ዳገቱ መሃል ቆመች። ከኋላዋ ሲያለከልክ የነበረው ሳጅን ቀነኒሳ ግን ፊቱ በራ።

«ይኸው! ገና ሳንደርስ አለቀ። ቁርሳችንን ወሰን ሰፈር ወርደን እንበላለን።»

«እስቲ መጀመሪያ ሟቹን እንይ» አለችው።

ሟቹ ደራሲ ዋቅቶላ ነበሩ። «የላምበረት ትኬት» እና «የማይዘጋ መስኮት» የተባሉት ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶቻቸው ወደ ፊልም ተሻግረው አገር ያወቃቸው ሰው። ያላነበባቸው እንኳ ሁለተኛውን ፊልም አይቷል፤ አንድ ሀብታም በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ታፍኖ የሚሞትበትን። አሁን እሳቸውም እንደዚያው የጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ከእግራቸው ሥር አመድ የሞላው ማንደጃ አለ። መስኮቱ ዝግ ነው። ከውስጥ ተቆልፎ የነበረው በር በግፊያ ተሰብሯል። ፊታቸው ከሕያው ሰው ይልቅ ቀልቷል።

«ፊልሙን አይተውታል አይደል፣ ኢንስፔክተር?» ቀነኒሳ አንሾካሾከ። «ዘበኛው ነው። በፊልሙም ዘበኛው ነው።»

«እኔ ያነበብኩት መጽሐፉን ነው። በመጽሐፉ ወንድምየው ነው።»

«ፊልሙ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» አለና ሰዓቱን አየ። «ሽማግሌው ቃላቸው ላይ ይፈርሙ እንጂ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርባቸዋለን።»

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የድሮ ገበሬ፣ አሁን የደራሲው ዘበኛ ናቸው፤ ይህ ግቢ ራሱ ያኔ የአባታቸው የገብስ ማሳ ነበር። ሙሚና አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛ አናገረቻቸው።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ ትናንት ያደረጉትን ይንገሩኝ።»

የራሳቸውን ቋንቋ ሲሰሙ ጩኸታቸው ቀዘቀዘ። «እንደ ሁልጊዜው ነው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን አስገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። እሳቸው ከውስጥ ቆልፈው ይጽፋሉ። ለአየሩም ብለው ከጣሪያው ሥር ሁለት ቀዳዳ አስበስተዋል። ‹ስለ ከሰል ጽፌ በከሰል ብሞት ሰው ይስቅብኛል› ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገደልኩ ይላሉ?»

«ልጄ፣ ያ ፊልም ከወጣ ጀምሮ ወሰን ወርጄ ዳቦ ስገዛ ልጆቹ ‹ገዳዩ መጣ!› ይሉኛል። ተዋናዩ የለበሰው የእኔን ካፖርት ነዋ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የፊልሙ ዳይሬክተር በጣቱ አስከሬኑን እያሳየኝ ‹ኢቲቻ፣ ገደልከው እኮ!› አለኝ። አገር ሁሉ ያወቀውን ምናልባት እኔ ብቻ ሳላውቀው ቀርቼ ይሆናል። ሳጅኑ ወረቀቱን ያምጣውና ልፈርም።»

«ማንም ምንም አይፈርምም» አለች ሙሚና ተነሥታ። «እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ አለን።»

የሟቹ ታናሽ እህት ወይዘሮ እታገኝ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ አላቸው። አሁን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሟቹ ቤት ጓዳ ተቀምጠዋል።

«ስንቴ ነገርኩት! ተራራ ላይ ከዘበኛ ጋር ብቻህን አትኑር አልኩት! ይኸው!»

«መቼ ደረሱ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ። ከሰርክ ጋር በአንድ ታክሲ ነው የመጣነው። ፖሊሶች ቀድመውን ነበር።»

ሰርክ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የምትተይብላቸው ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ከዳይሬክተሩ ከዑራኤል ጋር ተጣልተው ነበር። የ‹የማይዘጋ መስኮት›ን ሁለተኛ ክፍል እንዲሠራ አልፈቅድም አሉት። ‹ታሪኬን ሸጥኩልህ እንጂ ኢቲቻን አልሸጥኩልህም› ነው ያሉት። ሬዲዮ ላይ ወጥተው ሽማግሌውን ይቅርታ ሊጠይቁ ነበር።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። ቀረጻ ጀምሯል እኮ፤ ፖስተሩ ሳይቀር ተሰቅሏል። እኔን ያስፈራኝ ሳቁ ነው።»

«የመጀመሪያው ክፍል የት ነበር የተቀረጸው?»

«እዚሁ ቤት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ቀኑን ሌሊት ለማስመሰል መስኮቱንም ቀዳዳውንም ከውጭ በጥቁር ጨርቅና በፕላስተር ይሸፍኑት ነበር። ጋሼ ‹ኧረ አፈናችሁኝ!› ይሉ ነበር።»

ሙሚና በቤቱ ጀርባ ዞረች። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከኋላ ለቆመ ሰው የጣሪያው ጠርዝ ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው። በዚያ በኩል አጥር የለም፤ ጫካ ብቻ ነው። ሁለቱም ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፤ ነፋስ ያስገባሉ። ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ያበራል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ግን፣ ልክ እንደ ፎቶ ፍሬም፣ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ኖራ ተልጦ አሮጌው ጭቃ ወጥቷል። በጣቷ ነካችው። ያጣብቃል።

ዑራኤልን በረንዳ ላይ አገኘችው። ስካርፍ ጠምጥሟል፤ ስልኩ ከእጁ አይወርድም።

«ምን ልርዳሽ፣ ኢንስፔክተርዬ?»

«እንዴት እንደተገኙ ይንገሩኝ።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቼ ታርቀን ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ የሁለተኛውን ክፍል ውል ሊፈርሙልኝ ቀጠሩኝ። ብናንኳኳ ዝም፤ ከኢቲቻ ጋር በሩን ሰበርን። ፖሊስ ደወልኩና ከእናንተ ቀድመው ለመጡት መንገድ እንዲያሳይ እሱን አስፋልት ድረስ ላክሁት።»

«እርስዎስ?»

«ሃያ ደቂቃ ከጋሼ ጎን አልተነቃነቅኩም። ሶሪ፣ አሁንም ሳስበው...» ዓይኑን በስካርፉ ጠረገ።

«ወደ ውጭ አልወጡም?»

«ከበሩ አላለፍኩም!»

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጽሕፈት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ኢቲቻ በሩ ጋ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም። ሙሚና የራሷን ወንበር ሰጠቻቸው።

«ይህ ሞት ከመጽሐፉ አልተቀዳም» ብላ ጀመረች። «የተቀዳው ከፊልሙ ነው። ገዳዩ ሁላችንም ፊልሙን እንዳየን ያውቃል። ዘበኛውን ለመኮነን ማስረጃ እንደማንጠይቅም ያውቃል።»

ቀነኒሳ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ኦቦ ኢቲቻ ከሰል ሲያስገቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሰው አልሞተም። ትናንት ምን ተለየ? ከሰሉ አይደለም፤ አየሩ ነው። አንድ ሰው ሲመሽ በጫካው በኩል መጥቶ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከውጭ ሸፈናቸው። የሚያጣብቀው ልጣጭ ዙሪያውን አለ።»

ዑራኤል ሳቅ አለ። «ኧረ ባክሽ! እሱማ የእኛ ፕላስተር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀርጸንበታል፤ ሰርክን ጠይቂያት።»

«ኦቦ ኢቲቻ፣ ግድግዳውን ኖራ የቀቡት መቼ ነው?»

«ለመስቀል ነዋ፤ ገና ወር አልሞላውም።»

ሙሚና ወደ ዑራኤል ዞረች።

«ፕላስተሩ የላጠው የመስቀሉን ኖራ ነው» አለች ሙሚና። «የሁለት ዓመት ፕላስተር የወር ኖራ አይልጥም። ደግሞ እኛ ስንደርስ ቀዳዳዎቹ ክፍት ነበሩ፤ ስለዚህ የሸፈነው ሰው ጠዋት ተመልሶ አንሥቶታል። ወይዘሮ እታገኝና ሰርክ ሲደርሱ ግቢው ፖሊስ ሞልቶበታል። ኦቦ ኢቲቻ አስፋልት ተልከዋል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እዚህ ብቻውን የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ብቻውን እንዲቀር ያደረገውም ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግቢው የወጣ የለም። የመኪናዎን ቁልፍ ለሳጅን ይስጡት።»

ዑራኤል እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቁልፉን ጨበጠ እንጂ አላወጣም። ቀነኒሳ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ፤ እስኪሰጠው ድረስም አላነሳውም። ብዙ አልቆየም። ሲመለስ ሁለት ጥቁር ጨርቅና እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፕላስተር ይዟል። በፕላስተሩ የሚያጣብቅ ወገን ላይ የኖራ ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል።

«ከመኪናው ትርፍ ጎማ ሥር ነበር» አለ፤ ድምፁ ወርዷል።

«ከሰሉን ያስገባው እሱ ነው!» ዑራኤል ጣቱን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ። «የገዛ አፉ አምኗል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል! ቀረጻ ከጀመርኩ በኋላ ፊልሜን ሊነጥቁኝ... ዘበኛ ነው እኮ! ለአንድ ዘበኛ ብለው!»

«ከሰሉን አሥራ አንድ ዓመት አስገቡ» አለች ሙሚና። «አየሩን ግን አንተ አንድ ማታ ከለከልክ። ሳጅን፣ ውሰደው።»

እጁን ካቴና አስገብተው ሲያወጡት ሰርክ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅስ ጀመር። ወይዘሮ እታገኝ ተነሥተው ኢቲቻ ፊት ቆሙ።

«ጋሽ ኢቲቻ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምላሴን ይቁረጠው። ወንድሜ ቢኖር የሚለውን ነው የምልዎት፤ የትም አይሄዱም፣ እዚሁ ይኖራሉ። ቤቱ የእርስዎም ነው።»

ቀነኒሳም ከደጅ ተመልሶ ቆቡን አውልቆ ነበር። «አባባ፣ እኔም...» አለ።

ኢቲቻ ከወንበሩ ተነሡ። የእያንዳንዳቸውን ፊት ተራ በተራ አዩ፤ የሴትዮዋን፣ የልጅቱን፣ የሳጅኑን። የሙሚና ፊት ላይ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ይቅርታውንም ቤቱንም ሳይቀበሉ በተሰበረው በር ወጡ። ወደ አስፋልቱ አልወረዱም፤ ሽቅብ ወደ ጫካው የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዙ።

«ኦቦ ኢቲቻ! ወዴት ነው?» ሙሚና ከበረንዳው በኦሮምኛ ተጣራች።

ሽማግሌው ዳገቱን በእኩል እርምጃ እየወጡ ነበር። ዞርም አላሉ።